አልፍሬድ ኢልግ እና ከባቡር ጋር የመጡ ቃላት

በአዳማ ከተማ አውራ ጎዳና ዳር ቆሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል ጆሮውን የሰጠ ሰው ከሩቅ አገር የመጡ ብዙ ቃላት መስማቱ አይቀርም። ሹፌሩ ፍሬን እንዲታይለት መኪናውን ወደ ጋራዥ ያስገባል፤ የጋራዡ ባለሙያ ካቻቢቴ እንዲያቀብለው ረዳቱን ይጠራል፤ ብሎን ይጠብቃል፣ ጎማ ይነፋል፣ ባትሪ ይሞላል፤ መንገደኛው ደግሞ የባቡር ጣቢያው በየት በኩል እንደሆነ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሰዎች አንዱም የባዕድ ቋንቋ የተናገረ አይመስለውም፤ እውነትም አልተናገረም። ቃላቱ በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ቤተኛ ከሆኑ ብዙ ዘመን አልፏል።

ይሁን እንጂ ቃል እንደ መሣሪያ ነው። መሣሪያን የአሠራሩን ምክንያት ሳያውቅ የሚጠቀምበት ሰው እስከሚበላሽበት ጊዜ ድረስ ይሠራበታል፤ ሲበላሽበት ግን ይቸገራል። ቃልንም እንዲሁ ነው። የሙያ ቃላት ከየት ተነሥተው፣ በማን እጅ አልፈው፣ ምን ዓይነት ሐሳብ ተሸክመው እንደመጡ የሚያውቅ ባለሙያ ለአዲሱ ነገር አዲስ ስም ማውጣት ሲገባው አይደናገርም፤ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ውል ሲቀርብለትም ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን ነገር ለማየት ይችላል።

ይህን ጉዳይ ከአንድ ሰው የሕይወት ታሪክ ጋር አያይዞ ማየት ይቻላል። ሰውዬው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከሃያ አምስት ዓመታት በላይ በኢትዮጵያ ያገለገሉት ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ናቸው። ከጅቡቲ ተነሥቶ የአዋሽን ሸለቆ አቋርጦ አዲስ አበባ የገባውን የምድር ባቡር ያሰቡትና ፈቃዱን በስማቸው የተቀበሉት እርሳቸው ነበሩ። ከመተሐራ እስከ ወለንጪቲ፣ ከአዳማ እስከ ሞጆና ቢሾፍቱ የተዘረጉት የባቡር ከተሞች የእርሳቸው ሐሳብ ውጤት ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ካልተጠቀሱ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ትውልድና ትምህርት

አልፍሬድ ኢልግ እ.ኤ.አ. መጋቢት 30 ቀን 1854 በስዊዘርላንድ፣ በቱርጋው ክፍለ ሀገር በምትገኘው በፍራወንፌልድ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ ወደ ዙሪክ ሄደው በዚያ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ የምህንድስና ትምህርት ተከታተሉ። ፖሊቴክኒክ የሚለው ስም በፈረንሳይ አብዮት ዘመን በፓሪስ ከተቋቋመው ትምህርት ቤት ተነሥቶ በመላው አውሮፓ የተሠራጨ ሲሆን፣ ሁለት የግሪክ ቃላትን አጣምሮ ብዙ ጥበብ ወይም የብዙ ዕደ ጥበባት ቤት የሚል ፍቺ ይሰጣል። ኢልግ ወደ ኢትዮጵያ ከመጡ በኋላ የሠሩትን ሥራ ለተመለከተ ሰው ይህ ስም ለእርሳቸው ልክ የተሰፋ ልብስ ይመስላል።

የሙያቸው ስም ራሱ ሊመረመር የሚገባው ነው። ፈረንሳዮች አንዠኒየር፣ እንግሊዞች ኢንጂነር የሚሉት ቃል ኢንጌኒየም ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ኢንጌኒየም በመጀመሪያ ከሰው ጋር አብሮ የተወለደ የአእምሮ ተሰጥኦ ማለት ነበር፤ በመካከለኛው ዘመን ግን ያ ተሰጥኦ የፈጠረውን የጦር መሣሪያ፣ ማለትም ምሽግ ማፍረሻውንና ድንጋይ መወርወሪያውን ጭምር መጥራት ጀመረ። ሞተርን ኢንጂን የማለቱም ልማድ ከዚሁ የተወለደ ነው። በሌላ በኩል አማርኛ የሚጠቀምበት መሐንዲስ የሚለው ቃል ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን፣ የዐረብኛው ቃል ደግሞ መለኪያ ወይም ልክ የሚል ትርጉም ካለው የፋርስ ቃል የመነጨ ነው። እንግዲህ ሁለቱ ስሞች አንድ ሙያ ቢጠሩም በተለያየ ዓይን አይተውታል። ላቲኑ የሚያስበውን ራስ፣ ፋርሱ የሚለካውን እጅ ተመለከተ። መሐንዲስ ያለ ሁለቱ ሊሠራ እንደማይችል ለሙያው ባልደረቦች ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ አንኮበር

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የአውሮፓን ዕደ ጥበብ የሚያውቁ ሰዎች እንዲመጡላቸው ይፈልጉ ነበር። ጥያቄው በኤደን ወደብ ይነግድ በነበረ የስዊስ የንግድ ቤት አማካይነት ስዊዘርላንድ ደረሰ፤ የተመረጡትም ወጣቱ ኢልግ ነበሩ። በ1878 ከሁለት ስዊዘርላንዳውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር ተነሥተው በዘይላ በኩል ወደ መሀል አገር ዘለቁ፤ በ1879 መጀመሪያም አንኮበር ደረሱ። በዚያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃያ አምስት ዓመት አልሞላም ነበር።

ንጉሡ የአዲሱን መሐንዲስ ችሎታ ለመፈተን በመጀመሪያ ያዘዙት ድልድይ ወይም ሕንፃ ሳይሆን አንድ ጥንድ ጫማ ነበር እየተባለ ይተረካል። ኢልግም ከአውሮፓ የመጣ ጫማ ፈትተው አሠራሩን ካጠኑ በኋላ ሠርተው አቀረቡ ይባላል። ይህ ትረካ ብዙ ጊዜ ለሣቅ ይነገራል፤ ዳሩ ግን ቁም ነገር አለው። ፈትቶ ማየት፣ ክፍሎቹን መለየት፣ መልሶ መገጣጠም የምህንድስና የመጀመሪያ ትምህርት ነው። ቃልንም ለማወቅ ከዚህ የተለየ መንገድ የለም።

በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የመጣውን ሰው ኢትዮጵያውያን ሙሴ ብለው ይጠሩት ነበር። ሙሴ ኢልግ፣ ሙሴ ሸፍኔ እየተባለ ማለት ነው። ቃሉ ከነቢዩ ስም ጋር ቢመሳሰልም የመጣው ሙስዩ ከሚለው የፈረንሳይ መጠሪያ ነው። የፈረንሳዩ ቃል ሁለተኛ ክፍል ሴኒዮር ከሚለው ላቲን የወረደ ሲሆን፣ ትርጉሙም በዕድሜ የገፋ፣ ታላቅ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ወጣት መሐንዲስ ጢሙ ሳይሸብት ሽማግሌ ተብሎ ይጠራ ነበር ማለት ይቻላል። ይህም ለኢትዮጵያ ባህል እንግዳ አይደለም፤ ከበሬታን በዕድሜ ስም መግለጽ በአገሩም የኖረ ልማድ ነውና።

ኢልግ ከብዙዎቹ የዘመኑ አውሮፓውያን የተለዩበት ዋና ነገር አማርኛን አጥርተው መናገራቸው ነበር። አስተርጓሚ በመካከል ሳይገባ ከንጉሡ ጋር ይነጋገሩ ነበር። ለአንድ የእጅ ባለሙያ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በአገሩ ቋንቋ ስም የሌለውን ዕቃ በአገሩ ቋንቋ ለማስረዳት የሚሞክር ሰው የዕቃውን ስም ትቶ ሥራውን ለመግለጽ ይገደዳል፤ ሥራውን ለመግለጽ የሚችለውም በሚገባ የተረዳው ሰው ብቻ ነው።

ድልድይና ውሃ

በእነዚያ ዓመታት ወደ ሸዋ የሚገባው ማናቸውም የብረት ዕቃ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በግመል፣ ወደ ደጋው ሲወጣም በበቅሎና በሰው ትከሻ ይጓዝ ነበር። ስለሆነም የአንድ መኪና ክብደት የሚወሰነው በንድፉ ብቻ ሳይሆን አንድ ግመል ሊሸከመው በሚችለው ልክ ነበር። የማይፈታ ዕቃ አይደርስም፤ የተፈታውም ሲደርስ አንድ ክፍል ጠፍቶበት ወይም ተጣሞ ሊገኝ ይችላል። መሐንዲሱ የጎደለውን በአካባቢው ከሚገኝ እንጨትና ብረት ማሟላት ነበረባቸው። ይህን ሁሉ የሚያጠቃልለው መኪና የሚለው ቃል ከግሪክ ተነሥቶ፣ በላቲን ማኪና ተብሎ፣ በጣልያንኛና በዐረብኛ በኩል የተስፋፋ ሲሆን፣ ጥንታዊ ፍቺው ብልሃት፣ መላ ማለት ነው። ዛሬ መኪና ሲባል ወዲያው በሐሳብ የሚመጣው ተሽከርካሪው ነው፤ የልብስ ስፌት መኪና የሚለው አነጋገር ግን የቀድሞውን ሰፊ ትርጉም እስከ አሁን ጠብቆ ኖሯል።

ኢልግ በአዋሽ ወንዝ ላይ ድልድይ ሠሩ። አዋሽ በበጋ ወራት በመሻገሪያው የሚታለፍ፣ በክረምት ግን ነጋዴውን ከነጭነቱ ለሳምንታት ዳር ላይ የሚያስቀር ወንዝ ነው። ስለዚህ ድልድዩ የሸዋን ደጋ ከባሕሩ ንግድ ጋር ለማገናኘት የተወሰደ የመጀመሪያ እርምጃ ነበር። ኋላ ለታሰበው የባቡር መንገድም ትምህርት ሰጥቷል፤ ከባሕር ለሚመጣ ሰው የኢትዮጵያ ዋና የምህንድስና ጥያቄ ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ ወደ ደጋው መውጣት መሆኑ በዚያ ታይቷልና።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ የሕዝቡን አድናቆት ያተረፈው ግን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ለአዲስ አበባው ቤተ መንግሥት ያስገቡት የቧንቧ ውሃ ነው። ውሃ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይሄድም የሚለው እምነት ጽኑ ስለነበር ብዙ ሰዎች ተጠራጥረው ነበር ይባላል። ነገሩ ግን ተአምር አልነበረም። የውሃው ምንጭ ከመድረሻው ከፍ ብሎ የሚገኝ ከሆነ፣ በመካከሉ ያለውን ቆላ ወርዶ ማዶ ያለውን አቀበት በራሱ ክብደት ግፊት ይወጣል፤ ቱቦው ጽኑና ያልተቀደደ መሆኑ ብቻ ይበቃል። ቱቦ የሚለው ስም ቱቡስ ከሚለው ላቲን በጣልያንኛ በኩል የገባ ነው። በመጸዳጃ ቤት ውስጥ ዘወትር የሚነሣው ሲፎንም በግሪክ ቧንቧ ማለት ሆኖ በላቲንና በፈረንሳይኛ በኩል የተላለፈ ነው። የቤተ መንግሥቱን ውሃ ያዩ ሰዎች ከእነዚህ ስሞች አንዱንም ላያውቁ ይችሉ ነበር፤ ውሃው ሲፈስ ባዩ ጊዜ ግን ነገሩን አወቁት። ስም ብዙ ጊዜ ከነገሩ ኋላ ይመጣል።

ውል፣ ፈቃድና ኩባንያ

ኢልግ መሐንዲስ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ነጋዴም ነበሩ። ቅኔውን ትቶ በሐረር ንግድ ከያዘው ከፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ጋር ከ1888 እስከ 1891 ስለ ሸቀጥና ስለ ሲራራ ይጻጻፉ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን የምኒልክ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆኑ።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በውጫሌ የተፈረመው ውል በኢትዮጵያና በኢጣልያ መካከል የጦርነት ምክንያት የሆነው በአንድ አንቀጽ ውስጥ በሚገኝ ግሥ ነው። የ17ኛው አንቀጽ የአማርኛ ጽሑፍ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ባላቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ለመጠቀም ይቻላቸዋል ሲል፣ የጣልያንኛው ጽሑፍ ግን ይህን ግዴታ አደረገው። ነገሩ በዓድዋ በ1888 ዓ.ም. በደም ተፈታ። የቃላትን ምንጭና ፍቺ መመርመር የሥራ ፈት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህን አንድ አንቀጽ ማስታወስ ይበቃዋል። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓን ቋንቋዎች የሚያነብ፣ አማርኛን የሚያውቅና ንጉሠ ነገሥቱ የሚያምኑት ሰው ዋጋ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ነበር። በ1897 ኢልግ በመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ተሾሙ።

የባቡሩም ጉዳይ እንዲሁ በቃላት ተጀምሮ በቃላት የታወከ ነው። ምኒልክ መጋቢት 9 ቀን 1894 ለኢልግ ለ99 ዓመታት የሚቆይ የባቡር መንገድ ፈቃድ ሰጡ። መንገዱ በሦስት ክፍል ታስቦ ነበር፤ ይኸውም ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ ከፋንና ነጭ ዓባይን የሚያገናኝ ነበር። ኢልግ ከፈረንሳዊው ባልደረባቸው ከሌዎን ሸፍኔ ጋር ሆነው በ1896 በፓሪስ ኩባንያ አቋቋሙ።

እዚህ ላይ ሁለት ቃላት መመልከት ይገባል። የመጀመሪያው ፈረንሳዮች ኮንሴሲዮን የሚሉት ነው። በአማርኛ ፈቃድ ተብሎ ይተረጎማል፤ የላቲኑ ሥር ግን ወደ ኋላ ማለት፣ ቦታ መልቀቅ የሚል ትርጉም ነበረው። ለምኒልክ የሰጡት ነገር ፈቃድ ነበር፤ ሰጪው ባለቤትነቱን እንደያዘ ይኖራል። ገንዘባቸውን ያፈሰሱት ባለ አክሲዮኖችና ከበስተኋላቸው የቆሙት መንግሥታት ግን ቃሉን ወደ ጥንታዊ ሥሩ ሊመልሱት ፈለጉ። ሁለተኛው ኩባንያ የሚለው ነው። ይህ ቃል ኩም ከሚለው አብሮ እና ፓኒስ ከሚለው ዳቦ ከተባሉት ሁለት የላቲን ቃላት የተገኘ ሲሆን፣ እንጀራ አብረው የሚቆርሱ ሰዎች ማኅበር ማለት ነው። የሚያስደንቀው አማርኛም ማንም ሳያስተምረው ባለ እንጀራ ከሚለው ባልንጀራ የሚለውን ቃል ማውጣቱ ነው። ሮማዊውና ኢትዮጵያዊው ሳይተዋወቁ በአንድ ገበታ ቀርበዋል።

የባቡሩ ኩባንያ ግን እንጀራውን በሰላም ሊቆርስ አልቻለም። የሥራው ወጪ ከታሰበው በላይ ሆነ፤ የእንግሊዝ ገንዘብም ገባበት፤ በ1902 የፈረንሳይ መንግሥት ኩባንያውን በገንዘብ ሲደግፍ በአንጻሩ ሥልጣን አገኘ። ምኒልክ ይህን ሲያውቁ ተቆጡ። ለኢልግ የሰጡት ፈቃድ በሌላ መንግሥት እጅ ሊገባ መሆኑን ተመልክተዋልና። ኢልግ በዚህ ጊዜ አስቸጋሪ ቦታ ላይ ቆመው ነበር። በአንድ ወገን የኩባንያው መሥራች፣ በሌላ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ነበሩ። ሁለቱን ጌቶች እኩል ማስደሰት የሚችል ንድፍ ደግሞ በፖሊቴክኒክ አይሰጥም።

ባቡር

የሐዲዱ ሥራ በ1897 በጅቡቲ ተጀመረ። በረሃው ውሃ የለውም፤ መሬቱ ወጣ ገባ ነው፤ ሥራው በየጊዜው በግጭት ይቋረጥ ነበር። የሐረር ተራራ ለሐዲድ አስቸጋሪ በመሆኑ መስመሩ በግርጌው አልፎ በ1902 መጨረሻ አዲስ ከተማ ወደሆነችው ወደ ድሬዳዋ ደረሰ። ርቀቱም 310 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር።

በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ሆኖ ተወሰነ። ጠባብ ሐዲድ በተራራማ አገር ጠበብ ያለ ጥምዝ ለመዞር ያስችላል፤ የቁፋሮውንም ወጪ ይቀንሳል። ሜትር የሚለው ቃል መለኪያ ከሚለው የግሪክ ቃል ተወስዶ በ1790ዎቹ በፈረንሳይ የተቀረጸ ነው። ልኩም በዚያን ጊዜ ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት አሥር ሚሊዮንኛ እንዲሆን ተደነገገ። ኪሎ የሚለው ቅጥያም ሺህ ከሚለው ግሪክኛ የዚያው ዘመን ፈጠራ ነው። በክንድና በስንዝር ይለካ የነበረ አገር ከምድር በራሷ የተወሰደ መለኪያ በአገሩ መሬት ላይ በብረት ተዘርግቶ አየ።

በሐዲዱ ላይ የመጣው ነገር ስሙ ባቡር ነው። እንፋሎት የሚለው የላቲን ቃል ቫፖር፣ በፈረንሳይኛ ቫፐር ሆኖ የእንፋሎት መርከብ መጠሪያ ሆነ፤ ቱርኮች ቫፑር ብለው ተቀበሉት፤ በቀይ ባሕር ወደቦች ዐረብኛ ባቡር አለው፤ አማርኛም ከዚያ ወሰደው። ስለዚህ ቃሉ ከሐዲዱ በፊት በባሕር ላይ ተጉዞ የመጣ ነው ማለት ነው። ኢትዮጵያውያን ግን እንደመጣ አላስቀሩትም። በሐዲድ የሚሄደውን የምድር ባቡር ብለው ለዩት፤ አርመናዊው ሰርኪስ ተርዚያን ያስመጡትን የመንገድ መኪና የሰርኪስ ባቡር አሉት፤ በገጠር ደግሞ በሞተር የሚሠራው ወፍጮ ባቡር ተባለ። ቃሉ የእንፋሎትን ትርጉም ትቶ በእሳት ኀይል የሚሠራ ታላቅ መኪና ሁሉ ስም ሆነ።

የባቡሩን ሆድ ለከፈተ ሰው ደግሞ ሌሎች የላቲን ልጆች ይገኛሉ። ሎኮሞቲቭ ማለት ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ ማለት ነው። ፒስተን ከጣልያንኛ ወደ ፈረንሳይኛ የተሻገረ ሲሆን ሥሩ መውቀጥ የሚል የላቲን ግሥ ነው፤ እንግዲህ ፒስተን ዘነዘና ነው፣ ሲሊንደሩም ሙቀጫው መሆኑ ነው። ቫልቭ በላቲን የተካፋች በር ሳንቃ ማለት ነበር፤ እንፋሎቱ በዚያ በር ይገባል፣ በዚያ በር ይወጣል። ለተማሪ ፒስተንን በዘነዘና፣ ቫልቭን በበር ሳንቃ ማስረዳት ትርጉም ማቅለል አይደለም፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ያዩትን ነገር ማሳየት ነው።

ስንብትና የመስመሩ ፍጻሜ

ባቡሩ በድሬዳዋ ለዓመታት ቆመ። ምኒልክ መስመሩ በባዕድ መንግሥት ሥልጣን ሥር እንዳለ ወደ መሀል አገር እንዲዘልቅ አልፈለጉም፤ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያም በጉዳዩ ሲከራከሩ ቆይተው በ1906 ማብቂያ በመካከላቸው ተዋዋሉ። የኢልግ ኩባንያ በ1907 ከሰረ። በ1908 አዲስ ፈቃድ ለንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም ለዶክተር ቪታሊየን ተሰጥቶ፣ የፍራንኮ ኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረከበ።

በዚህ ጊዜ ኢልግ በኢትዮጵያ አልነበሩም። ከባለቤታቸው ከፋኒ ጋቲከርና ከልጆቻቸው ጋር ወደ ዙሪክ ተመልሰው ነበር። በአገልግሎት ዘመናቸው የሰበሰቧቸው የኢትዮጵያ የእጅ ሥራ ዕቃዎች በዚያች ከተማ ቤተ መዘክር ተቀምጠዋል። ምኒልክ በ1913 አረፉ፤ ኢልግም ጥር 7 ቀን 1916 በዙሪክ አረፉ። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በተከታዩ ዓመት በ1917 ነው። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሠ ነገሥትም ሆኑ ፈቃዱን የተቀበሉት መሐንዲስ የመጀመሪያውን ፊሽካ በመዲናዋ አልሰሙም።

መስመሩ ከባሕር ጠለል ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ እስኪደርስ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። የእንፋሎት ባቡር በየርቀቱ ውሃ ይጠጣል፤ እሳቱም ይጠበቃል። ስለዚህ ጣቢያ ያስፈልገዋል፤ ጣቢያ ባለበት ሠራተኛ ይሰፍራል፤ ሠራተኛ ባለበት ገበያ ይቆማል። በስምጥ ሸለቆው አፋፍና ወለል ላይ ያሉት ከተሞች ያደጉት በዚህ መንገድ ነው። በአዋሽ ጣቢያ ለመንገደኞች ምሳ የሚያቀርበው ቡፌ ዳዋሽ እስከ ስሙ ፈረንሳይኛ ነበር። አዳማም ቁልቋል ማለት ነው ከሚባለው የኦሮምኛ ስሟ ጋር የባቡር ጣቢያ ሆና አደገች፤ በኋላ ናዝሬት ተብላ ቆይታ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች። ከሞጆ ወደ ዝዋይና ሻሸመኔ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚታጠፉት የመኪና መንገዶችም ከባቡሩ መስመር እንደ ቅርንጫፍ ወጡ።

በአዲስ አበባ የመጨረሻው ጣቢያ ላ ጋር ተባለ፤ ሕዝቡም ለገሃር አደረገው። ለጋ በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ስለሆነና ለገጣፎ፣ ለገዳዲ የመሳሰሉ ስሞች በአካባቢው ስላሉ፣ ለገሃርንም ከእነርሱ የሚቆጥር ሰው ይኖራል። ቃሉ ግን ሌላ ነው። ጋር በፈረንሳይኛ በመጀመሪያ ጀልባ የሚጠጋበት የወንዝ ዳር ጥግ ነበር፤ የተወለደውም ወደ ጥግ ማስጠጋት ከሚለው ግሥ ነው። እንግዲህ ስሙ በኦሮምኛ ጆሮ ወንዝን ቢያስታውስ፣ በፈረንሳይኛውም ታሪክ ከወንዝ ያልራቀ መሆኑ ከግጥጥሞሽ ያለፈ ነገር የለውም፤ ሆኖም ደስ የሚል ግጥጥሞሽ ነው። ጋራዥም የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። ስለዚህ የአዲስ አበባው ለገሃርና የአዳማው ጋራዥ እኅትማማቾች ናቸው።

በአዳማ የቀረው

በባቡሩ ዳር ያደጉት ከተሞች ቀስ በቀስ የጭነት መኪና ከተሞች ሆኑ፤ ቃላቱም ከባቡሩ ወርደው መኪናው ላይ ተሳፈሩ። ሹፌር በፈረንሳይኛ አሟቂ፣ እሳት አንዳጅ ማለት ነው፤ የእንፋሎት ሞተሩን ምድጃ የሚጠብቀው ሰው ስም ነበር። ዛሬ በአዳማ መንገድ ላይ መሪ የጨበጠው ሰው እሳት ባያነድም የእሳት ጠባቂውን ስም ይዟል። ፍሬን በላቲን ልጓም ማለት ነው፤ ፈረሱ ቢቀርም ልጓሙ ቀርቷል። ካቻቢቴ በጣልያንኛ ከሁለት ቃላት የተጣመረ ሲሆን፣ ሁለተኛው ክፍል ብሎንን ቢያመለክትም ጥንተ ትርጉሙ የወይን ሐረግ ነው፤ ጠመዝማዛው ጥርስ እንደ ሐረግ ስለሚጠመዘዝ። ብሎንም ቡሎን ከሚለው የፈረንሳይ ቃል ጋር ዘመድ ነው፤ የላቲኑ ሥር የውሃ አረፋ ማለት ሲሆን፣ ከአረፋው ክብነት የተነሣ ክብ ራስ ላለው ብረት ተሰጠ።

አማርኛ ሁሉንም ስም ከውጭ አልተቀበለም። ፈረንሳዮች ከግሪክ ቃላት አጣምረው ቴሌፎን ያሉትን፣ ማለትም የሩቅ ድምፅ ያሉትን፣ አማርኛ ሽቦ ከሚለው የዐረብኛ ቃል ስልክ ብሎታል። አንዱ ድምፁን ሰማ፣ ሌላው ሽቦውን አየ። ዛሬ ሽቦው ከእጅ ስልክ ጠፍቷል፤ ስሙ ግን ጸንቷል።

ባቡሩም እንዲሁ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ከአሮጌው ጎን ሲታይ ሐዲዱ ሰፋ ያለ ነው፤ 1.435 ሜትር። በአዳማ በኩል የሚያልፈው ይህ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሠራል። ኤሌክትሪክ የሚለው ቃል በላቲን የተቀረጸ ሲሆን፣ መነሻው ሲታሽ ቀላል ነገር የሚስበው ሙጫ መሳይ ድንጋይ የግሪክ ስም ነው። በአዲሱ ባቡር ውስጥ እንፋሎት የለም፤ ጭስ የለም፤ ውሃ የሚጠጣበት ጣቢያም አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ሕዝቡ ባቡር ይለዋል፤ በቃሉም ውስጥ የቀድሞው እንፋሎት ሳይታይ ይኖራል። አሮጌው የአንድ ሜትር ሐዲድ በብዙ ቦታ ተነቅሏል ወይም በሣር ተሸፍኗል። የአልፍሬድ ኢልግም ስም ከሙያው ሰዎች ውጭ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ከሥራቸው ጋር አብሮ የመጣው ቃል ግን በየዕለቱ በአዳማ፣ በሞጆና በመተሐራ ከሰው አፍ አይጠፋም።